ንባብ ያለ ምሥጢር

በቅርቡ አንድ አባት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸውን ይዘው መጥተው የእንግሊዝኛ መጽሐፏን እንድታነብልኝ ቢያደርጉ፣ ልጅቱ አንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሳትደናቀፍ አነበነበችው። ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ በአማርኛ እንድትነግረኝ ስጠይቃት ግን አቀርቅራ ዝም አለች። አባትየውም «እባክዎ በአማርኛ አይጠይቋት፤ እንግሊዝኛዋ እንዳይበላሽ ብዬ የአማርኛ መጽሐፍ ከልክያታለሁ» አሉኝ።

የአፍ መፍቻው ልሳን ለባዕዱ ልሳን እንቅፋት ነው የሚለው ይህ አሳብ፣ ባለጸጋውም ድኻውም ወላጅ፣ አንዳንድ ጊዜም መምህሩ ራሱ የሚያምንበት፣ እኔም በየዓመቱ ስመልስ የደከምሁበት ስሕተት ነው። ሕፃን ማንበብን የሚማረው አንድ ጊዜ ነው፤ ከፊደል ድምፅን፣ ከድምፅም ምሥጢርን ማውጣት በሚያውቀው ቋንቋ ከለመደ፣ ያንኑ ጥበብ ይዞ ወደ ሌላው ይሻገራል። እንግሊዝኛ በ26 ፊደላት ከ40 የሚበልጡ ድምፆችን የሚጽፍና አንዱ ፊደል በየቃሉ ድምፁን የሚለዋውጥበት ቋንቋ በመሆኑ፣ ትርጉሙን ያልያዘ ሕፃን ቃሉን በመልኩ ከመሸምደድ በቀር መጠጊያ የለውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ሲወስን፣ አንዱ ሌላውን ያጥፋ አላለም። በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ሕፃኑ የግእዙን ምሥጢር ሳያውቅ ዳዊት ቢደግም፣ በትምህርቱ ለሚዘልቀው ደቀ መዝሙር መጻሕፍት ቤት ከነትርጓሜው ይጠብቀው ነበር። የዛሬው ተማሪ ግን ከንባቡ ወዲያ የሚጠብቀው የትርጓሜ ቤት የለውምና፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ባዮሎጂውንና ጂኦግራፊውን በዚያው ባልገባው ቋንቋ ይፈተናል፤ ያን ጊዜም ሰነፍ ይባላል፤ ይህ ፍርድ እጅግ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ እንግሊዝኛ አናውቅም ብላችሁ ከልጃችሁ ንባብ አትራቁ። ማታ ማታ የአማርኛውን ተረት አንብቡለት፤ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ስለ ቂሉ ማሞ እንዳዘጋጁት ያለ በሁለቱም ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ብታገኙ ደግሞ እጅግ መልካም ነው። እንግሊዝኛውን ሲያነብላችሁ የአፉን ቅልጥፍና ከማድነቅ ይልቅ «ምን ሆነ? ከዚያስ?» እያላችሁ ጠይቁት፤ በእናቱ ቋንቋም ይመልስላችሁ። በአንድ ገጽ ላይ አምስት ያህል የማያውቃቸው ቃላት ካጋጠሙት፣ መጽሐፉ ከብዶታልና ቀለል ባለ ለውጡለት።