በጅዳና በመካ ሴቶች በወንጀል ሕግ ፊት

ሳዑዲ ዓረቢያ ሁሉን ወንጀል የሚያጠቃልል የተጻፈ የወንጀል ሕግ የላትም። ዳኞች በዋናነት የሐንበሊን የሕግ ትርጓሜ መንገድ (መዝሀብ) ተከትለው በሸሪዓ ይፈርዳሉ፤ በዚህ ላይ የንጉሡ ድንጋጌዎች ይጨመራሉ። ወንጀል በሦስት ይከፈላል፦ ቅጣቱ አስቀድሞ የተወሰነው ሁዱድ፣ የግድያና የአካል ጉዳት ብድር የሚመለስበት ቂሷስ፣ ቅጣቱ ለዳኛው የተተወው ታዕዚር። በደም ካሳ የሴት ድርሻ የወንድ ግማሽ ነው። ሴቶችን ይበልጥ የሚያጋልጠው ግን ታዕዚር ነው፤ ወንጀሉንም ቅጣቱንም የሚለካው ዳኛው ስለሆነ።

የወንድ አሳዳሪ (ወሊ) ሥልጣን ወደ ወንጀል ችሎትም ይዘልቃል። ሰመር በደዊ የተባለች ሴት ከአባቷ ቤት ሸሽታ ከወጣች በኋላ «አልታዘዝም ብላለች» ተብላ ተከሰሰች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በጅዳው ብሪማን እስር ቤት ወራት አሳልፋ በጥቅምት ተፈታች። በ2019 ዕድሜዋ 21 የሞላ ሴት ያለ አሳዳሪ ፈቃድ ፓስፖርት እንድታወጣ ተፈቀደ። በ2022 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ግን ለጋብቻ ወሊን ይጠይቃል፤ ሚስት ቀለብ የማግኘት መብቷንም ለባሏ ከመታዘዝ ጋር ያያይዛል።

ጥቃት የደረሰባት ሴት ራሷ ተከሳሽ ልትሆን ትችላለች። ዝሙትን በሁዱድ ለማስቀጣት አራት ምስክር ወይም የተከሳሹ የእምነት ቃል ያስፈልጋል፤ ከማይዛመዱት ወንድ ጋር ለብቻ መገኘትና ከጋብቻ ውጭ ማርገዝ ግን በታዕዚር ያስጠይቃሉ። በቀጢፍ ከተማ በቡድን የተደፈረች ወጣት ዘመዷ ካልሆነ ወንድ ጋር በመገኘቷ መጀመሪያ 90 ጅራፍ ተፈረደባት፤ በ2007 ቅጣቱ ወደ 200 ጅራፍና የስድስት ወር እስር ከፍ አለ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ንጉሥ አብደላ ማራት። ከዚያ ወዲህ ሕጎች ወጥተዋል። የ2013ቱ የጥቃት መከላከያ ሕግ ሲወጣ የደነገገው ቅጣት እስከ አንድ ዓመት እስራት ነበር፤ የ2018ቱ የወሲብ ትንኮሳ ሕግ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። በ2020 ግርፋት ከታዕዚር ቅጣትነት ቀረ።

ለኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ችግሩ ድርብ ነው። የቤት ሠራተኞች ከአጠቃላዩ የሠራተኛ ሕግ ውጭ ናቸው፤ መኖሪያ ፈቃዳቸው (ኢቃማ) ከአሠሪ ዋሳቸው (ከፊል) ጋር የታሰረ ነው። ከተበደለችበት ቤት የወጣች ሠራተኛ አሠሪዋ «ሁሩብ» (ከሥራ የጠፋች) ብሎ ካስመዘገባት በሕግ ዘንድ የምትፈለግ ትሆናለች፤ ደፍሮኛል ብላ ብትከስ ደግሞ የዝሙት ክስ ሊዞርባት ይችላል። ብዙዎች አቤቱታ ሳያሰሙ በጅዳ አቅራቢያ ባለው የሹሜሲ ማቆያ በኩል ይባረራሉ።

የዳኛው ሰፊ ሥልጣን ትራንስጀንደር ሰዎችንም ይነካል። እነሱን በስማቸው የሚጠቅስ የተጻፈ ሕግ የለም፤ ይህ ግን አያድናቸውም። የተቃራኒ ጾታን ልብስ መልበስ በታዕዚር ያስቀጣል፤ «የሕዝብን ሥነ ምግባር» ስለ መጠበቅ የሚደነግጉ ሰፊ ድንጋጌዎችም ለክስ ያገለግላሉ። የሃይማኖት ፖሊስ በ2016 የማሰር ሥልጣኑን ቢያጣም የማሰሩን ሥራ መደበኛው ፖሊስ ይሠራዋል።

አዳዲሶቹ ሕጎች የጥቃትን ቅጣት በጽሑፍ አስፍረዋል፤ ለዳኛው ሰፊ ሥልጣን፣ ለወሊና ለከፊል ግን ገና በቂ ወሰን አላበጁም። ስለዚህ የጽሑፉ ጥበቃ በተለይ ያለ ዘመድና ያለ ኢቃማ ለቀረችው ሴት አይደርስላትም።