ዋጋው ለማን ነው የሚከፈለው?

ባለፈው ስቅለት ሰግደን፣ የወይራ ጥብጣቡን ተቀብለን ቤት ገባን። ጉልባኑ እንደቀረበ እማዬ ቤሩት ላለችው ታላቅ እህቴ በኢሞ ደወለችላት። «አንቺ እኮ የዚህ ቤት ቤዛ ነሽ» አለቻት። እህቴ ሳቀች። ፊቷ ግን ከስቷል።

ቃሏ ሲከነክነኝ አመሸ። ቤዛ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቤዛ ምርኮኛን ወይም ባሪያን ለማስለቀቅ የሚከፈል ዋጋ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ኢየሱስ ስለ ሞቱ ሲናገር የተጠቀመው ይህንን ምሳሌ ነው። ሌሎችም አሉ፦ በዘጸአት 12 ደሙ በበር መቃን ላይ የተቀባው የፋሲካ በግ፣ በቆላስይስ 2 የተሰረዘው የዕዳ ጽሑፍ። ሁሉም ሰው ከሚያውቀው ኑሮ የተወሰዱ ናቸው፤ ከገበያ፣ ከበረት፣ ከብድር መዝገብ።

ምሳሌን እስከ ጥግ ከገፉት ግን ይሰበራል። እሺ፣ ዋጋው ለማን ተከፈለ? በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ «ለዲያብሎስ» የሚል መልስ ሰጠ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ይህን አልተቀበለም፤ ወንበዴ እንዴት እንዲህ ያለ ካሳ ያገኛል? ለአብ ነው እንዳይባልም፣ ይስሐቅን እንኳ በበግ የተካ አምላክ እንዴት የልጁን ደም ይሻል? በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ የካንተርበሪው አንሴልም ነገሩን በዕዳ አስረዳ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። የፋሲካውን በግ ፈቃዱን የጠየቀው የለም። በዮሐንስ 10 ግን ኢየሱስ ነፍሱን ማንም እንደማይወስድበት፣ ራሱ በፈቃዱ እንደሚሰጥ ይናገራል። ፈቃድ ከሌለ ቤዛነት የለም ማለት ነው።

እህቴ የሄደችው በ19 ዓመቷ፣ አባዬ ሲታመም ነው። ወዳ ይሁን ጨንቋት አልጠየቅናትም። እሷ በላከችው ብር ተማርኩ፣ ተመረቅኩ፣ ሥራም ያዝኩ። ብሩ ግን አሁንም ይመጣል። እኛም «ቤዛችን» እያልን፣ ድካሟን ቅዱስ ስም ሰጥተነው እንቀበላለን።

በማግስቱ፣ በቀዳም ስዑር፣ ደወልኩላት።

«መመለስ ትፈልጊያለሽ?»

ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም እኮ» አለችኝ።

ከዚያ ወር ጀምሮ የቤት ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ።