«ጠመንጃውን ላሟሸው ብዬ ነው!»

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ይጋገርበታል እንዴ? ኧረ በጭራሽ! መጀመሪያ በጎመን ዘር ይታሻል፣ እሳት ይነድበታል፤ አለዚያ እንጀራውን ይዞ ያስቀራል። ጀበናም ቢሆን ይሟሻል። አዲስ ጠመንጃስ? ይህን ጥያቄ የሰማሁት ቃሊቲ ነው።

በ2011 ዓ.ም. አንድ እሑድ፣ ምሳ ዕቃዬን አንጠልጥዬ የልጅነት ጓደኛዬን ልጠይቅ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ተፈተሽኩ፤ ያመጣሁትን ወጥ ራሴው ቀምሼ አስገባሁ። ጓደኛዬ ከስቷል።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«አጎቴ አዲስ ክላሽ ይዘው ሰርግ መጡ። ‹ጥይት ካላጎረስከው አይለምድም፣ ዒላማ ይስታል› አሉኝ። እኔም ላሟሸው ብዬ ወደ ሰማይ…»

ሦስተኛውን ሲተኩስ ክንዱ ዘመም አለ። ከድንኳኑ ጀርባ ሳህን የምታጥብ ልጅ ወደቀች። በቃ! በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተፈረደበት።

ልሰናበተው ስል «ለመሆኑ ግን እውነት ይሟሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሳምንቱን ሙሉ የሚያውቁትን ስጠይቅ፣ ሳነብ ከረምኩ። ነገሩ ጨርሶ ተረት አይደለም። የጠመንጃ በርሜል ሲሠራ መሣሪያው በውስጡ ጥቃቅን ጭረት ይተዋል። ጥይቱ መዳብ የለበሰ ከሆነ፣ ሲያልፍ መዳቡ እየተፋቀ እዚያ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ አንዳንድ የዒላማ ተኳሾች አዲሱን በርሜል አንድ ጥይት ተኩሰው ይወለውሉታል፣ ደግመው ተኩሰው ይወለውሉታል። ታዲያ በርሜል ሠሪዎቹ ራሳቸው አይስማሙም፤ ገሚሱ «ይጠቅማል» ሲል፣ ገሚሱ «ጥይትም በርሜልም ማባከን ነው» ይላል። በፋብሪካው ውስጡ በእጅ ተፍቆ ለለሰለሰ በርሜልማ ጥቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ክላሽስ? የክላሽ በርሜል እንደ ደንቡ ውስጡ በክሮም የተለበጠ ነው። ክሮም ድርቅ ያለ ብረት ስለሆነ በሁለት በሦስት ጥይት አይለሰልስም። ደግሞም የጦር መሣሪያ ከፋብሪካ የሚወጣው ተተኩሶ፣ ተፈትኖ ነው። የሚቀረው የማከማቻውን ቅባት ከውስጡ መጥረግና ከተኩስ በኋላ ማጽዳት ብቻ ነው።

የሚያሟሹትም ቢሆኑ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ፣ የአፈር ክምር ከፊት አድርገው እንጂ ድንኳን አጠገብ አይደለም! የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ይምዘገዘጋል፤ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድም ይችላል። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ደግሞ ሰማይ ላይ አይቀርም፤ የሰው ቤት፣ የሰው ልጅ ላይ ይወርዳል።

በሚቀጥለው እሑድ ተመልሼ ሄድኩ። ልዋሸው አሰብኩ፤ አልቻልኩም።

«አያስፈልገውም ነበር» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ለአጎቴ ንገራቸው» አለኝ። ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

እናንተ ወጣቶች፣ ነገ ሚዜ ትሆናላችሁ። አጎት ይሁን ጓደኛ፣ ጠመንጃ ዘርግቶ «እስቲ አሟሸው!» ቢላችሁ እጃችሁን አትስጡ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ፤ ያለ ፈቃድ መያዙ ራሱ ያስጠይቃል። «የሚሟሸው ምጣድ ነው» በሉና ወደ ጭፈራው ተመለሱ። ሰርጉ በእልልታ ይደምቃል።

ቸር ይግጠመን!