ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም

በመንገድ ዳር ቆሞ ጎማ የሚቀየርለት የጭነት መኪና ያላየ ተማሪ አይገኝም። ረዳቱ እንደ ጠርሙስ ያለ ብረት ከመኪናው ሥር ያስገባና ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያደርግ፥ ያ ሁሉ ክብደት ቀስ እያለ ከመሬት ይነሣል። ዘወትር ስለምናየው አያስደንቀንም። ነገር ግን የአንድ ሰው ክንድ ይህን ያህል ጭነት ለማንሣት እንዴት እንደቻለ፥ ደግሞም መሣሪያው ምን ሲጎድለው ሰው እንደሚጎዳ ማወቅ ይገባናል።

የዘይት ክሪክ የተመሠረተው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት በገለጠው ሕግ ላይ ነው፤ ይኸውም የተዘጋ ፈሳሽ በአንድ በኩል ሲጫኑት ግፊቱን ሳይቀንስ ወደ አቅጣጫው ሁሉ ያስተላልፋል የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1795 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሕግ ለመጭመቂያ መኪና አዋለው።

በክሪኩ ውስጥ አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም ፒስቶን አሉ። የቀጭኑ ስፋት 1፥ የወፍራሙ 25 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ረዳቱ ዘንጉን በ20 ኪሎ ኃይል ቢጫን፥ ዘንጉ አሥር ጊዜ አባዝቶ ለቀጭኑ ፒስቶን 200 ኪሎ ያደርስለታል፤ ዘይቱም ይህን በ25 አባዝቶ ወፍራሙን በ5,000 ኪሎ ይገፋዋል። ይህ ግን ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ቀጭኑ 25 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ወፍራሙ የሚነሣው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ረዳቱን የሚያልበውም ይኸው ነው።

እንግዲህ መኪናው ከተነሣ በኋላ ይዞ ያቆመው ማነው? አንድ ትንሽ የብረት ኳስ ያለበት ቫልቭ፥ አንድ የመልቀቂያ ብሎንና አንድ የጎማ ቀለበት ናቸው። በኳሱ መቀመጫ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትገባ ዘይቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መኪናውም ይወርዳል። ቀለበቱ ቢቀደድ ደግሞ አወራረዱ ይፈጥናል።

ስለዚህ ለክሪክ የሚደረገው ጥንቃቄ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ የሚጨመርበት የክሪክ ዘይት ብቻ ይሁን። የፍሬን ዘይት ቀለበቱን አሳብጦ ያበላሸዋል።

ሁለተኛ፥ የዘይቱ ልክ የሚታየው ክሪኩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፥ ፒስቶኑም ጨርሶ ወርዶ ነው። ፒስቶኑ እንደወጣ ቢሞላ፥ ሲወርድ የሚመለሰው ዘይት ቦታ ያጣል።

ሦስተኛ፥ ዘንጉ ሲጫኑት የሚለሰልስ ከሆነ አየር ገብቶበታል ማለት ነው፤ አየር እንደ ዘይት አይደለም፥ ይታመቃልና። ያለ ጭነት የመልቀቂያውን ብሎን ከፍቶ ዘንጉን ደጋግሞ መምታትና መልሶ መዝጋት ነው።

አራተኛ፥ ሥራው ሲያልቅ ፒስቶኑን ጠርጎ፥ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ወጥቶ የቀረ ፒስቶን በእርጥበት ይዝጋል፤ ዝገቱም እንደ ሞረድ ቀለበቱን ይበላዋል።

ይህ ሁሉ ቢፈጸምም ክሪክ ማንሻ እንጂ ምሰሶ አይደለም። አስቀድሞ መኪናውን በደልዳላ ስፍራ አቁሞ የእጅ ፍሬን መያዝ፥ በማይነሡት ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ማድረግ፥ መሬቱ ለስላሳ ከሆነም ከክሪኩ ሥር ወፍራም ሳንቃ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ከተነሣ በኋላ ከሻንሲው ሥር ጠንካራ የብረት ድጋፍ ገብቶ ክብደቱ በእርሱ ላይ ሳያርፍ ማንም ከሥር አይግባ። ብሎኬት ሳይታሰብ ይሰነጠቃልና አይታመንም።

ከመኪናው ሥር በጀርባው የሚተኛው አብዛኛውን ጊዜ ባለመኪናው ሳይሆን ረዳቱ ነው። ከመካከላችን ነገ መሐንዲስና የሥራ ኃላፊ ሆነው «ግባና እየው» ብለው የሚያዝዙ ይኖራሉ። ያን ጊዜ ትእዛዙ ከአፋችን ከመውጣቱ በፊት፥ መኪናው በዘይት ላይ ነው ወይስ በብረት ላይ የቆመው ብለን ጎንበስ ብለን እንመልከት።