ምስጢርና ንጽሕና በአእምሮ ሕሙማን ቤት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት የማያውቅ የለም። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚወቅሰው ሕመምተኛውን ብቻ ነው። ሕመምተኛው በሽታውን የሚደብቀው ስለ ምንድር ነው? ብለን ስንጠይቅ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእርሱ ዘንድ ሳይሆን ከእኛ ከጤነኞቹ ዘንድ ነው። የነገረንን ስለማንጠብቅለት ይደብቃል፤ በመደበቁም እርሱም ሌላውም ይጐዳል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ነገር ለማስረዳት የጎረቤታችን የኬንያ ዋና ከተማ በሆነችው በናይሮቢ የሚገኘውን የማታሪን ሆስፒታል በምሳሌነት እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማታሪ ከናይሮቢ ወደ ቲካ በሚወስደው ጐዳና አጠገብ የሚገኝ፣ በኬንያ ለአእምሮ ሕክምና ከተሠሩት ሆስፒታሎች ሁሉ ዋነኛው ነው። ቦታው አስቀድሞ የፈንጣጣ በሽተኞች ከሌላው ሰው ተለይተው የሚቀመጡበት ሥፍራ ነበር። በ1910 የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ተደረገ። በ1924 ማታሪ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተባለ፤ አገሪቱ ነጻነቷን ካገኘች በኋላም በ1964 ስሙ አጥሮ ማታሪ ሆስፒታል ብቻ ሆነ። ዛሬ ብሔራዊ የማስተማሪያና የሪፈራል ሆስፒታል ነው። እንግዲህ ሰው እጅግ የሚፈራቸው ሁለት ነገሮች፣ ተላላፊ በሽታና የአእምሮ ሕመም፣ በየዘመናቸው በአንድ ግቢ ተጠልለዋል ማለት ነው።

የሆስፒታሉ ስም ቢለወጥም የሰው አፍ አልተለወጠም። በናይሮቢ ሰውን ለማዋረድ የፈለገ «ይህስ ለማታሪ ነው» ይላል። እኛም ብንሆን ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም፤ በአዲስ አበባ ብዙ ሕሙማንን የፈወሰው የአማኑኤል ሆስፒታል ስም በየመንገዱ የቀልድና የስድብ ቃል ሆኖ ሲነገር እንሰማለን። ሐኪም ቤት የገባን ሰው ስም ማንሣት ቀላል ጨዋታ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ነውና፣ ያ ቃል የሰውን እንጀራና ትዳር ይዞ ይሄዳል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ጸሐፊ ከዚህ በፊት ለአእምሮ ሕመም ታክሞ ዳነ እንበል። ወደ ሥራው ሲመለስ ግን ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ደርሶ ስለ ነበር፣ ባልደረቦቹ ሸሹት፤ አለቃውም ከቦታው አነሣው። ሕመሙ ዳግመኛ ሲነሣበትና ሆስፒታል ሲገባ ሳል ይዞት ነበር፤ ሌሊት ያልበዋል፣ ሰውነቱም ከስቷል። ነርሷ በጠየቀችው ጊዜ «ምንም የለብኝም» አላት። አንዱ ስም ይህን ያህል ካስከፈለው፣ ሁለተኛ ስም ለምን ይጨምር? ሕመሙ ግን የሳንባ ነቀርሳ ነበረ። በአንድ ክፍል ብዙ አልጋ ተደርድሮ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ሲታደር፣ የአንዱ ሰው ዝምታ የሁሉ አደጋ ሆነ። በዚህ ምሳሌ በሽታውን ያዛመተው ጸሐፊው ብቻ ነውን? ምስጢሩን ያወጡበት ሰዎችስ ከበደሉ ድርሻ የላቸውምን?

በአእምሮ ሕሙማን ቤት ተላላፊ በሽታን መከላከል ከሌላው ሆስፒታል ይልቅ የሚከብድባቸው ምክንያቶች አሉ። በሌላው ሆስፒታል ሕመምተኛው በአልጋው ተኝቶ ይውላል፤ በዚህ ግን ሕሙማኑ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይጫወታሉ፣ በግቢው ይዘዋወራሉ። የእጅ ማጽጃ አልኮል በየግድግዳው ሊሰቀል አይችልም፤ ሊጠጣው የሚሞክር ሕመምተኛ ይኖራልና። ስለዚህ ሠራተኛው በትንሽ ዕቃ አድርጎ በኪሱ ይይዘዋል፤ ሕሙማኑም በውሃና በሳሙና እንዲታጠቡ ይረዳቸዋል። አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው ከዋለ የጉበት በሽታና የኤች አይ ቪ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። ልብስና ብርድ ልብስ ከተቀላቀለም እከክና ቅማል ይከተላሉ።

ከዚህም በላይ መድኃኒቶቹ ራሳቸው ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሊቲየም የሚወስድ ሕመምተኛ ተቅማጥ ይዞት የሰውነቱ ውሃ ሲጐድል፣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው ይችላል። ክሎዛፒን የተባለው መድኃኒት ደግሞ በአንዳንድ ሰው ላይ በሽታን የሚከላከሉትን የነጭ ደም ሕዋሳት ስለሚያሳንስ፣ ትኩሳት በታየበት ጊዜ ደሙ ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት። እንዲሁም በትኩሳት ምክንያት የሚቃዥ ሰው የአእምሮ ሕመሙ የባሰበት መስሎ ሊታለፍ ይችላል። ስለዚህ «ያው ሕመሙ ነው» ብሎ ማለፍ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ተላላፊ በሽታን ለመከላከል ማን እንደ ታመመ መታወቅ አለበት፤ ምስጢር ለመጠበቅ ደግሞ መሰወር አለበት። ታዲያ ሁለቱ ግዴታዎች አይጋጩምን? ሲታዩ የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ነገሩን ለሚያስተውል ሰው ተጋዦች ናቸው። ዋናው ነገር ማወቅ የሚገባውን ከማይገባው መለየት ነው። የሚያክመው ሐኪምና የምታስታምመው ነርስ የበሽታውን ስም ማወቅ ይገባቸዋል። ወለሉን የሚወለውለው ሠራተኛ ግን ሊያውቅ የሚገባው እጁንና ፊቱን በምን እንደሚሸፍን ነው። በክፍሉ በር ላይ የበሽታውን ስም ከመጻፍ ይልቅ «አፍና አፍንጫዎን ሳይሸፍኑ አይግቡ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ከታመመው ጋር የነበሩትም «ለበሽታ ተጋልጣችሁ ይሆናልና እንመርምራችሁ» ቢባሉ ስሙን ሳይጠሩ ሥራውን መፈጸም ይቻላል፤ ማንነቱን ቢገምቱ እንኳ ሐኪሙ ቃሉን አላጠፈም።

በኬንያ ሕጉ ይህን ደንግጓል። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ31ኛው አንቀጽ ስለ እያንዳንዱ ሰው የግል ሕይወት መጠበቅ ይናገራል። በ2019 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የሰውን የጤና ሁኔታ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይቈጥረዋል። በ2022ም የአእምሮ ጤና ሕጉ ተሻሽሎ የሕሙማን መብት በሰፊው ተዘርዝሯል። በአገራችንም በ2016 ዓመተ ምሕረት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ታውጇል።

ይሁን እንጂ ምስጢር የሚለው ቃል ያለ ቦታው እንዳይውል መጠንቀቅ ይገባል። በ2011 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ የኬንያን የአእምሮ ሕሙማን ኑሮ የሚያሳይ ፊልም ባቀረበ ጊዜ ብዙ ሰው ደነገጠ። በዚያው ዓመት የኬንያ ብሔራዊ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን የአእምሮ ጤና አገልግሎቱ ምን ያህል ችላ እንደ ተባለ የሚገልጽ ሪፖርት አወጣ። ከዚህ የምንማረው፣ ምስጢሩ የሕመምተኛው እንጂ የሆስፒታሉ አለመሆኑን ነው። የሰውየው ስምና ፊት ይሸፈን፤ የክፍሉ መጨናነቅና የሳሙናው መጥፋት ግን ይገለጥ።

ስለ እጅ መታጠብ ስናነሣ የሐንጋሪውን ተወላጅ ሐኪም የዜመልቫይስን ታሪክ ማስታወስ ይገባናል። ይህ ሰው በ1847 በቪየና ሆስፒታል ሐኪሞች ሬሳ ከመረመሩ በኋላ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ ሳይታጠቡ ወላዶችን እንዳይነኩ አዘዘ። የወላዶቹ ሞት እጅግ ቀነሰ፤ ብዙዎች ባልደረቦቹ ግን አሳቡን ናቁት። በመጨረሻም አእምሮው ታውኮ በ1865 በቪየና አጠገብ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ገባ፤ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላም ያመረቀዘ ቍስል ደሙን መርዞት በዚያው ሞተ። የእጅን ንጽሕና ለዓለም ያስተማረው ሰው፣ ራሱ ንጹሕ እጅ በሚያስፈልገው ጊዜ ጠባቂ አላገኘም።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ዘመዱን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ሲገባም ሲወጣም እጁን ይታጠብ፤ ሳል ወይም ትኩሳት ካለበት ጉብኝቱን ለሌላ ቀን ያቆየው። ለሕመምተኛው የራሱን ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽና ፎጣ ስሙን ጽፎ ይውሰድለት፤ ምላጭ ግን ለነርሷ ይስጥ እንጂ በሕመምተኛው እጅ አይተው። በግቢው ፎቶግራፍ አያንሣ፤ ያየውንም ሌላ ሕመምተኛ በሰፈር አያውራ።

የመሥሪያ ቤት ኀላፊ የሆነም ሰው፣ ከሠራተኛው የሐኪም ወረቀት ሲቀበል፣ ሊያውቅ የሚገባው ስንት ቀን ዕረፍት እንደ ተፈቀደለትና ሲመለስ ምን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ነው። የበሽታውን ስም ለማወቅ አይድከም። ወረቀቱም በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አይዋል፤ ተላላኪውም ጓደኞቹም ዓይን አላቸውና።

ንጽሕናና ምስጢር ሁለቱም የሚፈተኑት ተመልካች በሌለበት ጊዜ ነው። ነርሷ ሌሊት ብቻዋን ስትሆን እጇን ትታጠባለች ወይስ ትተወዋለች? ኀላፊው ከወዳጆቹ ጋር ሲጫወት የሠራተኛውን ነገር ያነሣል ወይስ ይተወዋል? በእነዚህ ትንንሽ ነገሮች የአንድ ሰው ጤናና ክብር ይጠበቃል ወይም ይፈርሳል። ተረቱ በሽታህን አትደብቅ ይላል፤ እኛም ሕመምተኛው ሳይፈራ እንዲናገር የሰማነውን እንጠብቅለት።