የቲሙ መሐንዲስ እንዲሆን ምን እናድርግለት?

 

ውድ የየቲም ደጋፊዎችና አሳዳጊ ቤተሰቦች ሆይ! የምንረዳቸውን ልጆች ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልጉ ስንጠይቃቸው ደጋግመን ከምንሰማቸው መልሶች አንዱ “ኢንጂነር” የሚለው ነው። ምኞቱ መልካም ነው። መንገድ፣ ድልድይ፣ ንጹሕ ውሃና መብራት የሚያሻው ሕዝብ መሐንዲስ ያስፈልገዋል፤ ኅብረተሰቡ ያለ እርሱ የማይቆምበትን ሙያ መማርንም ዑለማዎች ከፈርድ ኪፋያ ይቆጥሩታል። ሆኖም ይህ ምኞት ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይሆን ከዚያ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው።

ከራሳችን ስህተት እንጀምር። አባቱን በሕፃንነቱ ያጣ አንድ ልጃችን ምህንድስና ለመማር ይመኝ ነበር። 11ኛ ክፍል ሲደርስ ግን የማኅበራዊ ሳይንስን ዘርፍ መረጠ። ምክንያቱን ስንጠይቀው ሒሳብ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ እንደከበደው ነገረን። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቤቱ ተመላልሰናል፤ ስለ ቀለቡ፣ ስለ ልብሱና ስለ ጤናው ጠይቀናል። ስለ ሒሳብ ውጤቱ ግን አንድም ቀን አልጠየቅንም።

ስለዚህ መንገዱን ከመነሻው እንመልከት።

አንደኛ፦ 7ኛና 8ኛ ክፍል። በምህንድስና ትምህርት የሚገጥመው ከባድ ሒሳብ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ዕድሜ በሚጣለው የአልጀብራ መሠረት ላይ ነው። አልጀብራ የሚለው ስም ራሱ የተገኘው በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ከኖሩት ከአል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ርዕስ መሆኑን ለልጆቻችን መንገር ተገቢ ነው። እናት ሒሳቡን ማስላት ባትችል እንኳ ደብተሩን ገልጣ ማየት፣ መምህሩንም ቀርባ መጠየቅ ትችላለች።

ሁለተኛ፦ የ11ኛ ክፍል ምርጫ። ወደ ምህንድስና የሚያስገባው የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ነው። ሴት ልጆቻችንም በሒሳብና በፊዚክስ ብርቱ ከሆኑ ከዚህ ዘርፍ የሚያርቃቸው ምክር ሊሰጣቸው አይገባም።

ሦስተኛ፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና። ከ2015 ዓ.ል ወዲህ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠይቃል። በጥቅምት 2015 ከተፈተኑት መካከል ይህን ያሟሉት ከ100 ተማሪዎች 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ዝግጅቱ ለመጨረሻዎቹ ወራት የሚተው አይደለም።

አራተኛ፦ ዩኒቨርሲቲ። ትምህርቱ 5 ዓመት ይፈጃል። ተማሪው ከመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በኋላ እንደ ውጤቱና እንደ ምርጫው ሲቪል፣ መካኒካል፣ ኤሌክትሪካል ወይም ሌላ ክፍል ይመደባል። በኋላም በሥራ ቦታ የተግባር ልምምድ ያደርጋል፤ ከ2015 ዓ.ል ጀምሮም ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ሥርዓት ቢኖርም የኮምፒውተር፣ የካልኩሌተር፣ የመጻሕፍት ቅጂና የመጓጓዣ ወጪ በተማሪው ላይ ይወድቃል።

ነጥቡ ያልሞላለት ልጅ ተስፋ አይቁረጥ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በግንባታ፣ በኤሌክትሪክና በአውቶሞቲቭ ሙያ ሠልጥኖ፣ የብቃት ምዘና አልፎ በሐላል ሥራ ራሱን ማስተዳደርና ከደረጃ ወደ ደረጃ ማደግ ይችላል።

ውድ ለጋሾች! ከ7ኛ ክፍል እስከ ምህንድስና ምረቃ ድረስ 11 ዓመት ነው። በሸሪዓ የየቲምነት ስም ለአቅመ አዳምና ሔዋን ሲደርሱ ያበቃል፤ ችግሩ ግን በዚያ ቀን አያበቃም። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ የየቲም አሳዳጊዎችን ሲያዝ የልጁን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ቅን አስተዋይነቱንም እንዲያዩ ነው። እርዳታው በመንገዱ አጋማሽ ቢቋረጥ የቀደሙት ዓመታት ድካም ከንቱ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ የልጁ ሪፖርት ሲደርሳችሁ የሒሳብ ውጤቱን ተመልከቱ። ገንዘብ የሌላችሁ መሐንዲሶችና መምህራንም በሳምንት ሁለት ሰዓት አስጠኑ፤ ይህም ሰደቃ ነው። እኛም ከእንግዲህ በየጉብኝታችን ደብተር ሳናይ አንመለስም፣ ኢንሻአላህ። አላህ ሥራችሁን ይቀበላችሁ፤ ልጆቻችንንም ለዲናቸውና ለአገራቸው የሚጠቅሙ ያድርጋቸው። አሚን።