ዶክተር፣ ደሞዝዎ ስንት ነው? ወረቀቱ ላይስ?

ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በቦሌ መንገድ ወደ ኦሎምፒያ የሚሄድ ሰው፣ ከደንበል ወዲያና ወዲህ፣ ወደ መስቀል ፍላወር በሚያስገቡት የውስጥ መንገዶችም ጭምር፣ የክሊኒክ ታፔላ ሲቆጥር ይደክመዋል። የጥርሱ፣ የዓይኑ፣ የቆዳው፣ የእናቶችና የሕፃናቱ... ምኑ ቅጡ! በደርግ ዘመን የግል ሕክምና እጅና እግሩ ታስሮ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በሩ ተከፈተና ዛሬ የምናየው ደረጃ ላይ ደረሰ።

ታዲያ በነዚህ ታፔላዎች ሥር ስለሚሠራው ሐኪም የሚወራው ብዙ ነው። መኪና ይዟል፣ ልጆቹን ጥሩ ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ኪሱ አይነጥፍም ይባላል። ይሁን፣ አንከራከርም። የዛሬው ጥያቄያችን ግን ሌላ ነው። ይሄ ሰው 60 ዓመት ሲሞላውና እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በምን ይኖራል? እሱ ቀድሞ ቢሄድስ ሚስቱና ልጆቹ በምን ይኖራሉ?

ሰው ሁሉ «ሐኪም ምን ይሆናል!» ይላል። ሐኪሙም ራሱ እንደዚያው ያስባል። ነገሩ የሚበላሸው ግን ገና ክሊኒኩ ሲገባ፣ ውሉን በፈረመባት ቀን ነው።

ይሉኝታ የበላው ጥያቄ

የቅጥር ወሬ ብዙውን ጊዜ ቡና ላይ ነው የሚያልቀው። የክሊኒኩ ባለቤት ትልቅ ሰው ናቸው። ምናልባትም ልጁን ያስተማሩ፣ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ እጁን ይዘው ያሳዩ ሐኪም ናቸው። ንግግሩ እንዲህ ይሄዳል እንበል፦

«እንግዲህ አንተ ልጄ ነህ፤ ካንተ ጋር በገንዘብ አንጣላም።»

«እርስዎ እንዳሉ ይሁን ዶክተር። እኔ እርስዎን ብዬ ነው የምመጣው።»

«ወረቀቱ ላይ 20 ሺህ ብር እንጽፋለን። ሌላው በምታየው በሽተኛ ልክ በፐርሰንት ነው። ተደምሮ 50 ሺህ ይሞላልሃል።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

አለቀ! ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲያወራ እሷ «ጡረታውስ?» ብትለው «ኧረ ተይ፣ ገና በ38 ዓመቴ የምን ጡረታ ነው?» ይላታል። ሴትየዋ ግን የጠየቀችው ትልቁን ጥያቄ ነው። ያቺ «ወረቀቱ ላይ 20 ሺህ» የምትል ቃል፣ ዛሬ ምንም ሳትመስል፣ ከ22 ዓመት በኋላ የቤቱን ቀለብ የምትወስን ቃል ናትና።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አዋጅ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆሞ ሲያይ ቆየ። ለእሱ ጡረታ የመጣለት በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። ዛሬ የሚሠራበት ደግሞ ያንን የተካው በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1268 ነው።

አካሄዱ ይሄ ነው። በየወሩ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል፣ ድምሩ 18 በመቶ ለጡረታ ፈንዱ ይገባል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሰው እስከ ዕድሜ ልኩ አበል ያገኛል። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

አሁን ልብ በሉ! «ደመወዝ» ሲባል መደበኛው የወር ደመወዝ ነው። የዱቲ ክፍያ፣ የትራንስፖርትና የቤት አበል፣ በበሽተኛ ቁጥር የሚታሰብ ፐርሰንት ለጡረታ አይቆጠሩም። በመንግሥት ሆስፒታልም ያው ነው። ሐኪሙ ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኖ ቢያድር ያቺ ገንዘብ ለዛሬ ኪሱ እንጂ ለጡረታው አትደርስም። ማታ ማታ የግል ክሊኒክ እየሄደ የሚሠራባት ትርፍ ሰዓትም የመንግሥት ጡረታውን በአንዲት ሳንቲም አታሳድግም።

እስቲ እናስላው

ያንን የ38 ዓመት ሐኪም እንውሰድ። በመንግሥት ሆስፒታል 12 ዓመት ሠርቷል እንበል። ክሊኒኩ ውስጥ 22 ዓመት ቢሠራ 60 ዓመት ሲሞላው አገልግሎቱ 34 ዓመት ይሆናል። ለ10 ዓመቱ 30 በመቶ፣ ለቀሪው 24 ዓመት ሌላ 30 በመቶ፣ ድምሩ 60 በመቶ። የደሞዙን ጭማሪ ለጊዜው እንተወው።

ወረቀቱ ላይ ያለው 20 ሺህ ብር ከሆነ ጡረታው 12 ሺህ ብር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው 50 ሺህ ቢሆን ኖሮ 30 ሺህ ብር ይሆን ነበር። ልዩነቱ በወር 18 ሺህ ብር ነው፤ ያውም እስከ ዕድሜ ልክ!

ለዚህ የሚከፈለውስ? ለቀሪው 30 ሺህ ብር ከሐኪሙ በወር 2,100 ብር ይቆረጥ ነበር፣ ክሊኒኩ ደግሞ 3,300 ብር ይጨምር ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት ወረቀቱን ዝቅ ማድረግ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ክፋት ነው ለማለት አይደለም። የኦሎምፒያ የቤት ኪራይ አለባቸው፣ ለላቦራቶሪ ዕቃ ዶላር ፍለጋ ይንከራተታሉ። እሳቸው ለክሊኒካቸው ካሰቡ ግን ልጁም ለራሱ ማሰብ አለበት።

«ወረቀቱ ዝቅ ያለው ለግብሩ ነው» የሚልም አይጠፋም። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ገቢ ስሙን ቢቀያይሩት ያው የቅጥር ገቢ ነው፤ አበል ቢባል፣ ኮሚሽን ቢባል ሕጉ ያውቀዋል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ከወር ገቢ ውስጥ ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይታሰብበታል። ግብሩን ለመሸሽ ብሎ ጡረታውን የጣለ ሰው አንድ ቀን ገቢዎች ሲደርስበት ሁለቱንም ያጣል።

ሙሉውን 50 ሺህ ደመወዝ አድርጉልኝ ማለት ደግሞ ሁልጊዜ አይሆንም። በሽተኛ በቀነሰበት ወር ክሊኒኩ ከየት ያመጣል? መሃል መንገድ ግን አለ። ደመወዙ 35 ሺህ፣ ፐርሰንቱ 15 ሺህ ቢሆን ጡረታው 21 ሺህ ብር ይደርሳል። ያቺን መሃል መንገድ ለማግኘት ግን አፍ አውጥቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመንግሥቱ ዓመታት አይጠፉም

ከመንግሥት ሲለቁ የሠሩበት ዓመት ሜዳ ላይ የሚቀር የሚመስላቸው አሉ። አይቀርም። የመንግሥትና የግል ድርጅት አገልግሎት ይደመራል። ግን መደመር የሚቻለው ማስረጃ ሲኖር ነው። ተናዶ፣ ተጣልቶ፣ መልቀቂያ ሳይወስድ የሚወጣ ሐኪም ከ20 ዓመት በኋላ የድሮ ፋይሉን ፍለጋ መዝገብ ቤት ለመዝገብ ቤት ይዞራል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝና የዕድገት ደብዳቤዎችን፣ መልቀቂያውን፣ የአገልግሎት ማስረጃውን ኮፒ አድርጎ ቤት ማስቀመጥ ነው። የልደት ቀንም ጉዳይ አለ። ለጡረታ የሚታየው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው ዕድሜ ነውና ያኔ የተጻፈውን ዛሬውኑ ማየት ይበጃል። የሚስት የጋብቻ ማስረጃና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትም ከፋይሉ ጋር ይያያዝ። ሦስት ልጅ የወለደ ሰው ፋይሉ ላይ ዛሬም «ያላገባ» ተብሎ ከተጻፈ ጣጣው የሚተርፈው ለቤተሰቡ ነው።

«ባለድርሻ ሁን» ሲባል

ሁለትና ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። «ለምን ድርሻ ገዝተህ ከኛ ጋር አትሆንም?» ይባላል። ደስ ይላል፤ ባለቤት መሆን ማን ይጠላል? በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ከተለመደው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ሌላ፣ ባለሙያዎች ተሰባስበው የሚሠሩበትን ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማህበር አምጥቷል። መንገዱ ሰፍቷል ማለት ነው።

ጡረታ የሚቆረጠው ግን ከደመወዝ እንጂ ከትርፍ ድርሻ አይደለም። «ከእንግዲህ ባለቤት ነህና ደመወዝ አያስፈልግህም» ተብሎ ትርፍ ብቻ የሚካፈል ሐኪም የጡረታ ቆጠራው እዚያው ላይ ይቆማል። በእንግሊዝ አገር የሠፈር ክሊኒክ ሸሪክ የሆነ ሐኪም ሸሪክ ቢሆንም በመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ጡረታ ውስጥ መቀጠል ይችላል። እዚህ ግን ባለድርሻው ራሱ ካልጠየቀ የሚያስብለት የለም። ክሊኒኩ ውስጥ በሐኪምነት የሚሠራ ከሆነ በደመወዝ ይቀጠር፣ ውሉም በጽሑፍ ይሁን። እንዴት እንደሚመዘገብ ካልገባው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሄዶ ይጠይቅ።

ሌላው የድርሻው ዋጋ ነው። ክሊኒክ ማለት የኪራይ ቤት፣ ጥቂት መሣሪያና የሐኪሙ ስም ነው። ሐኪሙ ሲያረጅ መሣሪያውም አብሮት ያረጃል፣ በሽተኛውም ወደ ወጣቱ ይሄዳል። ታዲያ ያን ጊዜ ድርሻውን ማን ይገዛዋል? በስንት? ዋጋው በማን ይገመታል? ባለድርሻው ቢሞት ሚስቱ ገንዘቡን በስንት ጊዜ ውስጥ ታገኛለች? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት ሁሉም ጤነኛና ወዳጅ ሳለ ነው። ከተጣሉ በኋላ መልሱ የሚገኘው ፍርድ ቤት ነው።

ጡረታ ብቻውን አይበቃም

እውነቱን እንነጋገር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ጡረታው የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ደመወዝ ስለሆነ እስከዚያው ደሞዙ ካደገ ኑሮ ውድነቱን ትንሽ ይከተላል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ማስተካከያው አልፎ አልፎ ነው፤ ገበያው ደግሞ በየሳምንቱ ነው።

ስለዚህ ከጡረታው ጎን ሌላ ምሰሶ ያስፈልጋል። እቁብ ጥሩ ነው፤ ግን የወጣው እቁብ መኪና ለመቀየር ሳይሆን ኪራይ ለሚያስገባ ቤት ወይም ለአክሲዮን ቢውል ነው ለእርጅና የሚተርፈው። አክሲዮንም ቢሆን ሁሉንም በአንድ ባንክ ላይ ማከማቸት አያዋጣም። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ፣ በተለይ ድርሻውን በብድር የገዛ፣ በድንገት ቢሞት ዕዳው ቤተሰቡ ላይ እንዳይወድቅ የሕይወት መድን ቢገባ ይሻላል። ዕድር ቀብሩን ያስፈጽማል፤ የባንክ ዕዳ ግን አይከፍልም።

ከመፈረምዎ በፊት

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፦

1. ከጠቅላላው ክፍያ ስንቱ ነው በደመወዝ ስም የሚጻፈው? በየዓመቱስ ይጨምራል ወይስ ፐርሰንቱ ብቻ ነው የሚያድገው?

2. ክሊኒኩ የጡረታ መዋጮ በየወሩ ያስገባል? የከፈለበትን ማስረጃ ማየት ይቻላል? ከደሞዝ ተቆርጦ ፈንዱ ሳይደርስ የሚቀር ገንዘብ ክፉ ነው።

3. በስሜ ተመዝግቤያለሁ? የጡረታ መለያ ቁጥሬ ስንት ነው?

4. ያለፈው የመንግሥት አገልግሎቴ ማስረጃ ተሟልቷል?

5. ዕድሜዬ ሲገፋ ግማሽ ቀን ልሥራ ብል ደሞዜ ምን ይሆናል? አበሉ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ነውና ልክ በዚያ ሰዓት ደሞዝ ማስቀነስ አደገኛ ነው።

«እንዴት ብዬ ትልቁን ሰውዬ እንዲህ እጠይቃለሁ?» ለሚል ይሉኝተኛ አንድ ነገር እንበል። ጡረታ የሐኪሙ ብቻ አይደለም። ባለጡረታው ሲሞት ሚስት ወይም ባል የአበሉን 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ እያንዳንዱ 20 በመቶ ያገኛል፤ ድምሩ ከአበሉ አይበልጥም። የ12 ሺህ ብር ጡረታ ግማሹ 6 ሺህ ነው፣ የ30 ሺህ ግማሹ 15 ሺህ። ይሉኝታው የሐኪሙ ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን ሚስት ናት።

የአገራችን ሰው «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» ይላል። ጀምበሯ ያለችው ክሊኒኩ ሐኪሙን በሚፈልግበት ጊዜ፣ ብዕሩ ገና ወረቀቱን ሳይነካ ነው። ያኔ በትህትና «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ደመወዟን ከፍ፣ ፐርሰንቷን ዝቅ ብናደርጋትስ?» ማለት ነውር የለውም። ጥሩ አሠሪ ቢከራከር እንጂ አይቆጣም። የሚቆጣ ከሆነ ደግሞ ስለ ክሊኒኩ አንድ ነገር ነግሯችኋል።